ጆሮዬን እንጂ እግሬን አልቀጠሩም

አሰላ ስልክ ቤት ስቀጠር መጀመሪያ የጠፋብኝ ነገር ስሜ ነው። ማዞሪያው ፊት የምትቀመጥ ስልከኛ የራሷ ስም የላትም፤ የከተማዋን ስም ትወርሳለች። የአዲስ አበባ ጥሪ ሁሉ የሚያልፈው በናዝሬት በኩል ነው። ከናዝሬት ሲደወል ማዞሪያው ላይ ያለችው ትንሽ ክዳን ቀጭ ብላ ትወድቃለች፤ እኔም ገመዱን ሰክቼ «አሰላ!» እላለሁ። ከወዲያ ማዶ ደግሞ አንዲት ሴት «ናዝሬት!» ትላለች። እሷን ለዓመታት የማውቃት በዚሁ ስም ብቻ ነበር። መልኳን አላውቅም። ሳሏን፣ ሳቋን፣ ጥርሷን ያመማት ቀን ቃል እንዴት እንደምትውጥ ግን ጠንቅቄ አውቃለሁ። ዛሬም ሰው ስለ ጓደኛ ሲያወራ ልቤ የሚሄደው ፊቷን ወዳላየኋት ወደዚያች ሴት ነው።

የማወራው ከአብዮቱ በፊት ስለነበሩት ዓመታት ነው። ያኔ በከተማችን ስልክ ያላቸው መሥሪያ ቤቶች፣ ሆስፒታሉ፣ ጥቂት የእህል ነጋዴዎችና ሆቴሎች ብቻ ነበሩ። የቀረው ሰው ሲደወልለት ተላላኪያችን ቤቱ ድረስ ሄዶ ይጠራዋል። ሰውየውም ጫማውን ወልውሎ፣ ኮቱን ደርቦ፣ ሠርግ እንደተጠራ ሰው ሆኖ ይመጣል። የሚያናግረው ትልቅ ሰው ከሆነ ደግሞ እጀታውን እንደያዘ ዝቅ ብሎ እጅ ይነሣል፤ ያኛው የሚያየው ይመስል። እኔ በመስኮቱ እያየሁ ሳቄን በነጠላዬ ጫፍ አፍን ነበር።

ሥራውን እወደው ነበር፤ ግን ይገባኛል ብዬ አላምንም። ትምህርቴን ከአሥረኛ ክፍል ያቋረጥኩ፣ እናቴ በልጅነቴ የሞተችብኝ፣ የወፍጮ ቤት ሠራተኛ ልጅ ነኝ። አንድ ቀን አንድ ሰው በሩን ከፍቶ «አንቺን በስሕተት ነው የቀጠርንሽ፤ ተነሺ» የሚለኝ ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ የሚታዘዘውን ሁሉ «እሺ» እላለሁ። ወለሉን ጥረጊው፤ እሺ። በዓሉን ሥራ ላይ ዋይ፤ እሺ። የአለቃዬን ሸሚዝ ለአጣቢዋ አድርሺ፤ እሺ። ያኔ እሺ ማለት ጨዋነት ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ፍርሃትም አንዳንዴ የጨዋ ልብስ ይለብሳል።

መርዶ ነጋሪነቱም የመጣብኝ በዚሁ በእሺታ በር ነው። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ አንድ ሰው ደወለና በከተማችን ለሚኖር አንድ ልብስ ሰፊ ወንድሙ መሞቱን እንድንነግርለት ጠየቀ። ተላላኪያችን «እኔ የተቀጠርኩት ሰው ለመጥራት ነው፤ ሞት ለመናገር አይደለም» ብሎ ዱላውን አንሥቶ ወጣ። ማንም ምንም አላለውም። አለቃዬ ወደ እኔ ዞረ። ከአዲስ አበባ የተላከ፣ ገና ሠላሳውን ያልዘለለ፣ ለሥራው የሚጣደፍ ሰው ነበር፤ ክፋት አልነበረበትም። «ታዲያ ሄደሽ ንገሪው እንጂ!» አለኝ። «የሰማሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ? ሰው በሞተ በስንት ቀኑ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ መርዶ የሚረዳበት ዘመን እኮ አለፈ። ስልክ የመጣልን ለምን ሆነና?»

እሺ አልኩ። ልብስ ሰፊው መኪናው ላይ ጎንበስ ብሎ የሰው ሱሪ እየሰፋ ነበር። ምሳውን ገና አልበላም ነበር። ነገርኩት። ሱሪውን ይዞ ወደ መንገዱ ወጣ፣ ከዚያም የት እንደሚሄድ ጠፍቶት መሐል መንገድ ላይ ቆመ። እኔም ምን እንደማደርግ አላወቅሁም፤ አብሬው ቆምኩ።

ከዚያ ወዲያ መርዶ ሁሉ የኔ ሆነ። ከተማው ደግሞ ቶሎ ለመደ። «የስልክ ቤቷ ልጅ መጣች» ከተባለ የሰፈር ጨዋታ ይቆማል። ሴቶች መንገድ ይለውጡብኛል። ከታመመ ሰው ጋር የሚኖር ሁሉ ሲያየኝ ዓይኑን ያሸሻል። አንድ የሚያስብልኝ ልጅ ነበር፤ እናቱ «መርዶ ነጋሪ ምራት ቤቴ አታስገባብኝ» ብላ አስተወችው። እንኳን አደረሳችሁ ለማለት ሰው ቤት መሄዱንም ቀስ በቀስ ተውኩ፤ በር ሳንኳኳ ውስጥ ያለው ሰው ሲደነግጥ መስማት ሰለቸኝ። መስተዋት ፊት ቆሜ፣ እውነት ገደ ቢስ እሆን እንዴ፣ እያልኩ ፊቴን የመረመርኩባቸው ጠዋቶች ነበሩ። ሃያ ዓመት ያልሞላት ልጅ የገዛ ፊቷን ስትፈራው ያሳዝናል፤ ዛሬ ሳስባት እቅፍ ላደርጋት እመኛለሁ።

አንድ ቅዳሜ፣ ገበያ ቀን፣ ሽንኩርት ልገዛ ዘምቢሌን አንጠልጥዬ ወጣሁ። ከጋሪ መቆሚያው ማዶ ሽንኩርት፣ ጨውና ላምባ የምትሸጥ አንዲት ባለ ሱቅ ነበረች። አንድ ልጇ በአሰብ መንገድ የከባድ መኪና ረዳት ነው። እኔ ወደ ሱቁ ስዞር ቀና አለችና አየችኝ። ሚዛኑ ከእጇ ወደቀ።

«ልጄን!» አለች፤ ደረቷን መታች። «ወይኔ ልጄን!»

አፌን ከመክፈቴ በፊት ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ። አንዲት ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደረሰች። ጋሪ ነጂዎቹ ቆባቸውን አወለቁ። አንድ ሽማግሌ «አይዞሽ፣ አይዞሽ» እያሉ ክንዷን ያዙ። ከኋላዬ አንዲት አልቃሽ ሙሾዋን ጀምራ የልጁን ቁመትና ደግነት ታወርድ ገባች። እኔ ዘምቢሌን ይዤ መሐላቸው ቆሜያለሁ። «ሽንኩርት» እላለሁ፤ ድምፄ አይወጣም። በስንት መከራ አወጣሁት።

«ኧረ እኔ ሽንኩርት ልገዛ ነው የመጣሁት!»

 አልቃሿ ሙሾዋን አቁማ ልጁን ከግማሽ መንገድ መለሰችው። ከዚያ አንዱ ጋሪ ነጂ ሳቀ፤ ሌላውም ተከተለው። ነጠላዋን ያዘቀዘቀችው ሴት ተቆጥታ መለሰችው። ባለ ሱቋ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ትስቃለች፣ ታለቅሳለች። ሰዉ ሲበተን ሚዛኑን ከመሬት አንሥታ ሽንኩርቴን መዘነችልኝና እንዲህ አለችኝ፦ «ልጄ፣ አንቺ ጥፋት የለብሽም። ግን እባክሽ፣ ከእንግዲህ ለዕቃ ስትመጪ ከሩቅ ሳቂልኝ። ጥርስሽን ካየሁ ልጄ ደኅና ነው ማለት ነው።»

እሺ ብዬ እያለቀስኩ ቤቴ ገባሁ።

አባቴ ከወፍጮ ቤት ሲመለስ ቅንድቡ በዱቄት ነጥቶ ነበር። የወፍጮው ጩኸት ጆሮውን ስለወሰደው ሁሉን ነገር ጮክ ብዬ ነው የምነግረው፤ እኛ ቤት ምሥጢር የሚባል ነገር ኖሮ አያውቅም፤ ሰፈሩ በሙሉ አብሮ ይሰማል። የሽንኩርቱን ነገር ስነግረው እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ ፊቴን አየና ሳቁ ቆመ።

«እኔን ወፍጮ ቤት ሲቀጥሩኝ ገብስ ፍጭ አሉኝ» አለ። «ፈጨሁ። አብኩተህ ጋግርልን ቢሉኝ እጋግራለሁ?»

«አትጋግርም።»

«ለምን?»

«ሥራህ አይደለማ።»

«አንቺንስ? ጆሮሽን ነው የቀጠሩት። እግርሽን ማን ቀጠረው?»

«ቢያባርሩኝስ አባዬ?»

«ካባረሩሽ እኔም የሚሰማልኝ ሰው እፈልጋለሁ፤ እኔ ጋ ትቀጠሪያለሽ።» ዱቄታም እጁን ራሴ ላይ አሳረፈ። ጠጉሬ ነጭ ሆነ፤ እስኪነጋ ሳላራግፈው ተኛሁ።

በማግስቱ ወደ እድራችን ዳኛ ሄድኩ። ኮርቻና ልጓም የሚሸጡ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም የሚያከብራቸው የአርሲ ሽማግሌ ነበሩ። አማርኛው ሲከብዳቸው ኦሮምኛውን ጣል ያደርጉበታል። ሁሉንም ነገርኳቸው። ልጓሙን መስፋታቸውን ሳያቆሙ ሰሙኝ።

«ማል ታቴ፣ ኢንተላ ኮ? ምን ሆንሽ፣ ልጄ? ይሄን ሁሉ ብቻሽን?» አሉ። «እኛ መርዶ ስንሄድ ለምን አምስት ስድስት ሆነን የምንሄድ ይመስልሻል?»

«ኀዘንተኛው ሲወድቅ ለመያዝ ነው አባባ።»

«እሱስ ነው። ግን ተናጋሪውም ይወድቃል እኮ። እሱንም ለመያዝ ነው።» መርፌውን ልጓሙ ላይ ሰኩት። «ደግሞ ባዶ ሆድ መርዶ አይችልም። ሰውዬው እራቱን ይብላ፣ ይተኛ። ሲነጋጋ እንሄዳለን። ከእንግዲህ የሞት ስልክ ሲመጣ ተላላኪውን ላኪብኝ። ከደዋዩ ጋር የምነጋገረው እኔ ነኝ። አንቺ አገናኚኝ፤ በቃ።»

እንዲህ ቀላል ነበር። ከባዱ ለአለቃዬ መንገሩ ነው። ለቀናት ቃሉን በአፌ ስገለብጠው ቆየሁ። ናዝሬት ላይ እንኳ ደጋግሜ ተለማምጄባታለሁ፤ እሷ አለቃ ትሆናለች፣ ድምፅዋን ታጎረንናለች፣ እኔ «ይቅርታ ጌታዬ፣ አልችልም» እላለሁ፤ ከዚያ ሁለታችንም በሳቅ እንፈርሳለን። ለእሷ ማለት ቀላል ነው። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ዓይን ዓይንሽን የሚያይሽ ሰው ሲሆን ግን ምላስ ሌላ ሥራ ያገኛል።

ቀኑ ሳይታሰብ መጣ። ከአዲስ አበባ ተደወለ፤ የአንዱ ሆቴል ወጥ ሠሪ እናቷ ሞታለች። ደዋዩን ትንሽ ይጠብቁ ብዬ ለአለቃዬ ነገርኩት። ከጋዜጣው ቀና እንኳ ሳይል «ደርሰሽ ነያ» አለኝ።

ገመዱን እንደያዝኩ ወደ እሱ ዞርኩ። እምቢ የሚለው ቃል ከነጭራሹ አፌ ውስጥ የለም፤ ፈልጌ አጣሁት። ሌላ ቃል ወጣ።

«አልሄድም።»

«ምን አልሽ?»

«ማገናኘት ሥራዬ ነው ጌታዬ፤ አገናኛለሁ። ወለሉንም ልጥረግ፤ ይሁን። መርዶ ግን ባለቤት አለው። የእድሩ ዳኛ ይጠሩና ደዋዩን እሳቸው ያነጋግሩት። እኔ ሰው ቤት ሞት ይዤ አልሄድም። ሰው ፊቴን እንዲፈራው አልፈልግም።»

የመጨረሻዋን ለመናገር አላሰብኩም ነበር፤ ዓይኔ በእንባ ሲሞላ ሳይታወቀኝ ወጣች። አለቃዬ ጋዜጣውን አጠፈ። ፊቱ ቀላ።

«እንግዲያው እኔ እሄዳለሁ» አለ። «ይህን ያህል ምን ከባድ ነገር አለው? ሁለት ቃል ነው።»

ኮፍያውን አድርጎ ወጣ። ደዋዩን ተሰናብቼ ገመዱን ነቀልኩ። መቀመጫዬ ላይ ሆኜ የምጠብቀው መባረሬን ነበር። ናዝሬት ስትደውል «አልኩት» አልኳት፤ «እሰይ!» ብላ ጮኸች፤ ከዚያ «ምን አለሽ?» አለች፤ «ራሱ ሄደ» አልኳት። «ወጥ ሠሪዋስ?» አለች። እሷም እንደኔ ስለ ወጥ ሠሪዋ ታስብ ነበር።

አለቃዬ ከሰዓት በኋላ ነው የተመለሰው። ኮፍያውን በእጁ ይዞታል። ትከሻው ላይ የሽሮ ቅባትና የእንባ እርጥበት ነበረበት። ወንበሩ ላይ አልተቀመጠም።

«ኮቴን ይዛ አለቀቀችኝም» አለ። «ምን እንደምላት አላወቅሁም። አጠገቧ ማንም አልነበረም። እኔም …» ቃሉን አልጨረሰውም። ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ቆይቶ እንደነገረኝ፣ የገዛ እናቱ የሞተች ጊዜ ሩቅ አገር ስለነበረ አላለቀሰላትም፤ ወጥ ሠሪዋ ደረቱ ላይ ስትወድቅ የእሱም እንባ አብሮ መጣ።

ኮፍያውን ሰቅሎ «እኚያን ሽማግሌ ነገ ጥሪልኝ፤ ላነጋግራቸው» አለኝ።  እኔም አመሰግናለሁ ማለት አቅቶኝ ወለሉን ጠረግኩ። ያን ቀን በደስታ ነው የጠረግኩት።

ከዚያ በኋላ የሞት ስልክ ሲመጣ ሥርዓት ያዘ። ናዝሬትም ወደደችው፤ «እኛም እንዲሁ እናድርግ» ብላ በእነሱም ከተማ አስለመደችው። አንዳችን ለሌላችን የከፋ ወሬ ስናስተላልፍ ነገሩን በስሙ አንጠራውም። «ሰውየው እራት በልቷል ወይ?» እንባባላለን፤ ያኛዋ ይገባታል፤ ሽማግሌዎች ትፈልጋለች።

ከተማውም ቀስ በቀስ ፊቴን ይቅር አለው። ባለ ሱቋ ጋ ስሄድ ከጋሪ መቆሚያው ጀምሬ ጥርሴን አሳያለሁ፤ እሷም ከሱቋ ሆና መልሳ ትስቅልኛለች። ለማያውቅ ሰው ሁለት ያበዱ ሴቶች እንመስል ነበር። የሰፈሩ ልጆች አካሄዴን ከነሳቄ ይቀዱታል። እኔ ግን እንደዚያ ስቄ መንገድ የማቋርጥባቸውን ቀናት ያህል የኮራሁበት ጊዜ የለም። ሥራዬም የኔ እንደሆነ ያመንኩት ያኔ ነው፤ የማልሠራውን ካወቅሁ በኋላ የምሠራው አማረብኝ። ድምፄ ራሱ ተለወጠ፤ ናዝሬት «አሰላ ስትዪ አገር ያለሽ ትመስያለሽ» ትለኝ ነበር።

ዓመታት አለፉ። አብዮቱ ሊመጣ ጥቂት ሲቀረው አባቴ ደረቱን ታመመ። የስንት ዓመት ዱቄት ነው መሰለኝ ሳንባው ውስጥ የተጋገረው፤ ለካ ሳያውቀው ይጋግርም ኖሯል። የአሰላ ሐኪሞች አዲስ አበባ ይሂድ አሉ። አጎቴ ይዞት ሄደ። እኔ እረፍት እስኪሰጠኝ ልጠብቅ ቀረሁ። በየማታው ከሥራ ስወጣ ናዝሬት አባቴ ወደተኛበት የአዲስ አበባ ሆስፒታል ታገናኘኛለች፤ አጎቴ «ደኅና አምሽቷል» ይለኛል። አንድ ማታ አባቴ ራሱ እጀታውን ተቀበለ። በሕይወቱ ስልክ ይዞ አያውቅም። የምለውን አንድም ቃል አልሰማኝም። «ጆሮሽ ደኅና ነው?» ብሎ ጮኸ። «ደኅና ነው አባዬ!» ብዬ ጮህኩ። ስልክ ቤቱ በሙሉ ሳቀ።

ከዚያ አንድ ቀን፣ ጭጋግ ከጭላሎ ተራራ ወርዶ ከተማውን የሸፈነበት ብርዳም ቀን፣ ምሳ በልቼ ስመለስ አለቃዬ ማዞሪያው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ምሳ ስወጣ የሚተካኝ እሱ ነው። ወንበሩን ለቀቀልኝና «ዛሬ ብርድ ነው፤ ቀደም ብለሽ ግቢ» አለኝ። እሺ አልኩት። ማታ ላይ ናዝሬትን ሆስፒታሉን አገናኚኝ አልኳት።

«መስመሩ ተበላሽቷል» አለች።

«ነፋስ ነው?»

«ነፋስ ነው መሰለኝ።» ሳለች። «አሰላ፣ እራት በልተሻል?»

«ገና ነኝ። ቤቴ ገብቼ እበላለሁ።»

«ሂጂ ብዪ። ደኅና አድርገሽ ብዪ፣ እሺ? ከዚያ ተኚ።»

እሺ ብዬ ገመዱን ነቀልኩ። በመስመሩ ተናድጄ ነበር። ቤቴ ገብቼ ጨጨብሳ ሠራሁ፣ በላሁ፣ ተኛሁ። ጆሮዬ እንጀራዬ ነው፤ ስንት ዓመት ያንን ጥያቄ ስለ ሌላው ሰው ስጠይቅና ስጠየቅ ኖሬ፣ ለራሴ ሲመጣ አልሰማሁትም። ምናልባት ጆሮዬ መስማት አልፈለገም።

ሲነጋጋ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ኮርቻ ሻጩ ሽማግሌ ከፊት ቆመዋል፤ ጋቢያቸውን ተከናንበዋል። አጠገባቸው አለቃዬ፣ ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ። ከኋላቸው የሰፈር ሰዎች። ከሁሉም ኋላ ባለ ሱቋ ቆማለች። ዓይኔ እሷን ፈለገ። ጥርሷን ልይ ብዬ ፊቷን አየሁት፤ እሷም ታየኛለች። አልሳቀችም።

«ኢንተላ ኮ» አሉ ሽማግሌው። የቀረውን አልሰማሁም። ወደቅሁ፤ ያዙኝ። እንዳሉትም ብዙ ሆነው ነው የመጡት። የአንዱ ክንድ ሲደክም የሌላው ነበረ። አለቃዬም አለቀሰ፤ አሁን ግን አጠገቡ ሰው ስለነበረ አልፈራም። የአባቴ አስከሬን ከአዲስ አበባ በመኪና መጥቶ ዕለቱኑ ተቀበረ። ያን ቀን እንዴት በእግሬ ቆሜ እንደዋልኩ ሲጠይቁኝ እውነቱን ነው የምናገረው፤ ሆዴ ባዶ አልነበረም።

ኀዘኔን ተቀምጬ ወደ ሥራ የተመለስኩ ዕለት ማለዳ ላይ ትንሿ ክዳን ወደቀች። ገመዱን ሰካሁ።

«አሰላ» አልኩ።

«ናዝሬት» አለች።  ሁለታችንም የሽቦውን ነፋስ ስናዳምጥ ቆየን። የምታስበውን አውቀዋለሁ፤ ያን ማታ ስለዋሸችኝ ትጨነቅ ነበር።

«ያን ማታ እኮ» አልኳት፣ «በልቼ ነበር።»